ቦንቱ ወደ በግ ተራ የተመለሰችበት ቅዳሜ

በሸጎሌ በግ ተራ በራሷ ገንዘብ ገዝታ በራሷ አንደበት የምትሸጥ ሴት ቦንቱ ብቻ ነበረች። ሌሎቹ ሴቶች ዳር ይዘው ሻይና ብስኩት ይሸጣሉ፤ እሷ ግን ባሏ ከሞተ ወዲህ የእሱን ሥራ ተረክባ ወንዶቹ መሀል ገብታለች። መጀመሪያ ሰሞን ደላሎቹ ሊያሞኟት ሞክረው ነበር። የበጉን ወገብ በጣቶቿ ጫን አድርጋ፣ ሥጋውን ከጠጉሩ ለይታ ስትናገር ሲያዩ ተዉአት። ልጇን ሲናን ያሳደገችው፣ አስተምራም ለባንክ ሥራ ያበቃቻት በዚሁ ነው። አጠገቧ የሚቆመው ጃለታ የድሮ ተፎካካሪዋ ነው፤ ገዢ ይነጣጠቃሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ የጭነት መኪና ሲመጣ ደግሞ ተጋግዘው በግ ያወርዳሉ።

የወር አበባዋ ከቆመ ስንት ጊዜው። አንድ ጠዋት ልብሷን ስትለብስ ደም አየች። "ሸክም ነው፣ ድካም ነው" ብላ አለፈችው። ደገማት። ከዚያ በኋላ ጥቁር ቀሚስ ብቻ መልበስ ጀመረች፤ ገበያ ስትወጣም ቅያሪ ጨርቅ በፌስታል ጠቅልላ ከቦርሳዋ ሥር ትይዛለች። ክረምቱ ገብቶ ወጣ፣ መስቀል አለፈ፣ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ለማን ትናገራለች? በበሽታ ማፈር አይገባም ይባላል፤ የዚያ ቦታ በሽታ ግን ሌላ ነው፣ ሰው ሲሰማ ፊቱ የሚቀየርበት ነው።

በኋላ ግን ሰውነቷ ራሱ ተናገረባት። እሑድ ቀን ልብስ እያሰጣች ሳለ ዓይኗ ጨለመና ግቢው ውስጥ ተዘረጋች። ሲና ቀና ስታደርጋት ቀሚሷን አየች፤ በማግስቱ ከሥራ ቀርታ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ተላከች። ናሙና ተወሰደ፣ ውጤቱ ተጠበቀ፣ የማሕፀን ካንሰር ነው ተባለ።

"ትንሽ ቆይተዋል፤ ግን አልረፈደም" አለቻት ሐኪሟ። "ማሕፀኑን እናወጣዋለን፤ ቁስሉ ሲድን ጨረር ይከተላል።"

ሲና አለቀሰች። ቦንቱ ግን መጀመሪያ ያሰበችው ስለ ገበያው ነው። በጎቿን ለወንድሟ ለቶለሳ ሰጠችና አደራ አለችው፤ "ማንም ቢጠይቅህ አክስቷ ታመው ሱሉልታ እያስታመመች ነው በል። በተለይ ጃለታ እንዳይሰማ።"

ቀዶ ጥገናው በደህና አለፈ። ጨረሩ የተጀመረው ዐቢይ ጾም ሊገባ ሰሞን ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ነርሷ የውሃ ጠርሙስ ሰጠቻትና ጠጥታ እንድትጨርስ፣ ሽንቷንም እንድትይዝ ነገረቻት፤ ጨረሩ ሌላውን የሆድ ዕቃ እንዳይጎዳ ፊኛዋ መሙላት አለበት። ቦንቱ ጠጣች። ከዚያ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ከረጅሙ አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከጎኗ የተቀመጡት አሮጊት ቀጭን ናቸው፣ ዓይናቸው ግን አንድ ቦታ አያርፍም።

"ጨረስሽው የኔ ልጅ?" አሏት ጠርሙሱን እያዩ።

"አዎ።"

"እንግዲህ አደራ፣ እንዳታስነጥሺ።" ከዚያ የየትኛው ደብር ምእመን እንደሆነች የሚጠይቁ ያህል ቀለል አድርገው፣ "አንቺስ የማሕፀን ነሽ የማሕፀን በር?" አሏት።

ቦንቱ ግራ ቀኝ አየች። "ቀስ ይበሉ እንጂ፣ ሰው ይሰማል።"

"ማን ነው የሚሰማው? ይሄ ሁሉ ሴት ጥርሱን ሊያስነቅል የመጣ መሰለሽ?"

ወንበሩ ላይ የነበሩት ሴቶች በሙሉ ሳቁ። ከወዲያ በኩል አንዲት ወጣት ሆዷን ይዛ ጎንበስ አለች። "እማማ ወለተማርያም፣ በማርያም አያስቁን፣ ሊያመልጠኝ ነው።" ይህን ስትሰማ ቦንቱም ሳቀች። ከዚያ ሁሉ ወር ዝምታ በኋላ የመጣ ሳቅ ስለሆነ ልታቆመው አልቻለችም፤ አመለጣትም። ነርሷ ሳትቆጣ ሁለተኛ ጠርሙስ ሰጠቻት፣ ወረፋዋም ወደ ኋላ ተላለፈ። እማማ ወለተማርያም የእሳቸው ጨረር ካለቀ በኋላ ወደ ቤታቸው አልሄዱም፤ "ያሳቅኩሽ እኔ ነኝ፣ አብሬሽ እጠብቃለሁ" ብለው አጠገቧ ተመልሰው ተቀመጡ።

በዚህ ተዋወቁ። እማማ ወለተማርያም የቁስቋም ሰው ናቸው፣ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ በሽታቸው የቦንቱ ዓይነት ነው። ወጣቷ ሀሌሉያ ትባላለች፤ እዚያው ቁስቋም የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፣ የሷ የማሕፀን በር ሆኖ ከጨረሩ ጋር ኬሞ የሚሉትን መድኃኒትም ትወስዳለች። ሦስቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎን ለጎን መቀመጥ ያዙ። ሐኪም የማይነግርሽን ነገር የሚነግርሽ ወንበር የተጋራሽ ሰው ነው። ተቅማጡ ሲጀምር ሩዝና ሙዝ እንደሚሻል፣ ቆዳው ሲቃጠል በሳሙና እንደማይታሽ፣ ሰፋ ያለ የጥጥ የውስጥ ልብስ እንደሚያሳርፍ ቦንቱ የተማረችው ከነሱ ነው። እማማ ወለተማርያም በዘንቢላቸው ታጥቦ የታጠፈ ጨርቅ ይዘው ይመጣሉ፤ ላስፈለጋት ሴት ምንም ሳይሉ ከሥር ያቀብላሉ። የሽንት ቤቱ በር መቆለፊያ ስላልነበረው ተራ ገብተው በሩን ይጠብቃሉ። ጾሙ ሲገባ ቦንቱ፣ "እትዬ፣ ውሃውን እንዴት ሊያደርጉ ነው?" ብትላቸው፣ "የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። መድኃኒትሽ ነው፣ ጠጪ አሉኝ" ብለው ጠርሙሱን አማትበው ጠጡ።

ከዚያ ሀሌሉያ ቀረች። አንድ ቀን ቀረች፣ በማግስቱም ቀረች፣ ስልኳም ዝግ ነው። ነርሷ መሀል ላይ ማቋረጥ እንደሚጎዳ ስትናገር ቦንቱ ሰማች። ጨረሯን ጨርሳ እንደወጣች፣ "ቤቷን ያውቁታል?" አለች።

"አውቀዋለሁ። ዳገት ነው እንጂ" አሉ እማማ ወለተማርያም።

ከታክሲ ወርደው ዳገቱን ተያያዙት። ሁለቱም ጉልበት አልነበራቸውም፤ ግንብ ባገኙ ቁጥር ይቀመጣሉ። አላፊ አግዳሚው ወደ ቁስቋም ማርያም ለስለት የሚወጡ መስሎት "ያድርስላችሁ" ይላቸዋል፤ እማማ ወለተማርያምም "አሜን" ይላሉ።

በሩን የከፈተው ባሏ አክሊል ነው። ደህና ልጅ ነው፤ ግን ምን ማድረግ እንዳለበት ጠፍቶት በር ላይ እጁን አንጠልጥሎ ቆመ። "አታናግረኝም" አለ። "እህል አትቀምስም። እስኪ እናንተ ሞክሯት።"

ሀሌሉያ መጋረጃውን ዘግታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ድምፃቸውን ስትሰማ እንኳ አልዞረችም። "በቃኝ" አለች። "ዛሬ ነገ እወልዳለሁ ስል ነበር እኔ። ከዚህ በኋላ አልወልድም አሉኝ። ታዲያ ለምን ብዬ ነው የምድነው?"

ቦንቱ በሕይወቷ መካሪ ሆና አታውቅም። የምታውቀው ነገር ቢኖር መከራከር ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለችና፣ "ሁሉንም ጨርሺ አልልሽም" አለች። "ነገን ብቻ ስጪኝ።"

"ከነገ ወዲያስ?"

"ከነገ ወዲያ እንደገና እንከራከራለና። እኔ እንደሆነ ክርክር አይሰለቸኝም፣ እንጀራዬ ነው።"

እማማ ወለተማርያም በበኩላቸው የልጅቱን እግር በብርድ ልብሱ ላይ ያሻሹ ነበር። ከዚያ፣ "እኔ አምስት ወልጃለሁ" አሉ። "እግዜር ይስጣቸው፣ አይከፉም። ሽንት ቤት በር ላይ ቆማ የጠበቀችኝ ግን አንቺ ነሽ።"

ሀሌሉያ ከግድግዳው ዞረች። ፊቷ በእንባ ርሷል፤ ግን ሳይታወቃት ሳቅ አመለጣት፣ ሳቁ ደግሞ መልሶ ለቅሶ ሆነ፤ ሁለቱ ሴቶች ከግራና ከቀኝ እንደያዟት ብዙ አለቀሰች። አክሊል ወጥ አሙቆ አመጣ። ጥቂት በላች።

በማግስቱ ወንበሩ ላይ ተገኘች። ቦንቱም በቃሏ መሠረት በየከሰዓቱ ስለ ነገ ትከራከራለች፤ ሀሌሉያ አንዳንድ ቀን ቶሎ እሺ ትላለች፣ አንዳንድ ቀን እስከ ታክሲ ተራ ድረስ ታስለፋታለች። እንዲህ ሲሉ የሁለቱም ጨረር አለቀ። እማማ ወለተማርያም ቀደም ብለው ጨርሰው ነበር፤ ግን የመጨረሻው ቀን እንዳያመልጣቸው የበዓል ጠላ እንዳልደረሰለት ሰው እየተጣደፉ መጡና ሁለቱንም ግንባራቸውን ሳሟቸው።

በሕማማት ሳምንት ቦንቱ ለምርመራ ተመለሰች። ሐኪሟ አይታ፣ ዳስሳ፣ ፎቶውን አገላብጣ፣ "ቁስሉ ድኗል፤ የሚያሰጋ ነገር አላየሁም" አለቻት። "በየሦስት ወሩ እየመጡ ይታያሉ። አሁን ግን ወደ ሥራዎ መመለስ ይችላሉ።" ሲና ኮሪደሩ ላይ ለእማማ ወለተማርያም ስትደውል የአሮጊቷ እልልታ ከስልኩ ወጥቶ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞር አለ።

ቀዳም ሥዑር፣ የፋሲካ ዋዜማ፣ ቦንቱ በግ ተራ ወጣች። የበዓል ገበያ ነውና መፈናፈኛ የለም። ቀሚሷ ሰፍቷት ነበር፤ ከቶለሳ ገመዱን ግን እንደ ድሮው ጠበቅ አድርጋ ተቀበለች። ጃለታ ገና ሲያያት ድምፁን ከፍ አደረገ።

"መጣሽ ቦንቱ? ከሳሽ እኮ። አክስትሽ እንዴት ሆኑ?"

ዙሪያውን የነበሩት ነጋዴዎች መልሷን ለመስማት ዞሩ። ቦንቱ ሌላ ውሸት አዘጋጅታ ነበር የመጣችው፤ አርፈዋል ልትል ነው። አፏን ስትከፍት በሕዝቡ መሀል እማማ ወለተማርያም ብቅ አሉ፤ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መምጣታቸው ነው፣ ራሳቸው ላይ የታሰረው ቄጠማ ገና እርጥብ ነው። ሀሌሉያና አክሊልም ከኋላቸው አሉ። ካንቺ በግ ልንገዛ መጣን አሏት። ቦንቱ አየቻቸውና ያዘጋጀችው ውሸት አፏ ውስጥ ከበዳት።

"አክስቴ አልታመሙም" አለች። "የታመምኩት እኔ ነኝ። የማሕፀን ካንሰር ነው። ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ፣ ጨረር ወሰድሁ፣ ይኸው ቆሜያለሁ። እነዚህም አብረውኝ የታከሙ እህቶቼ ናቸው።"

በጎቹ ብቻ ይጮኻሉ። አንዱን ሙክት ሲዳስስ የነበረ ገዢ እጁን ቀስ ብሎ ሰበሰበ። ይህን ሀሌሉያ አየችው።

"አይተላለፍም፣ ጌታዬ" አለችው ክፍል ውስጥ ተማሪ እንደምታርም በለሰለሰ ድምፅ። "ለሰውም አይተላለፍም፣ ለበግ ደግሞ ማሰቡም ይከብዳል።"

መጀመሪያ የሳቀው ገዢው ራሱ ነው። ሙክቱንም ወሰደው፣ ደግሞም ብዙ ሳይከራከር። ከዚያ በኋላ ገበያው ለቦንቱ ተከፈተላት። እማማ ወለተማርያም ስለ በግ ምንም አያውቁም፤ ግን ፊት ለፊት ቆመው፣ "ይሄኛው ጠባየ መልካም ነው፣ ከመጣሁ ጀምሮ አንድም ሰው አልወጋም" እያሉ ያሞግሳሉ፤ ሰው ቄጠማቸውን እያየ ይስቃል፣ ሲስቅ ይቆማል፣ ሲቆም ቦንቱ ትይዘዋለች። አክሊል የተሸጠውን እስከ ታክሲ ተሸክሞ ያደርሳል። ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ለሀሌሉያ ከለየችው አንድ ጠቦት በቀር በጎቿ አልቀው ነበር።

ገመዷን እየጠቀለለች ሳለ ጃለታ መጣ። ጠዋት ከሰማ ጀምሮ ገዢ እንኳ አልነጠቃትም። ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ያገላብጣል።

"እ... ማለቴ፣ እንዴት ነበር የጀመረሽ?"

ቦንቱ አየችው። "ለምን ጠየቅኸኝ?"

"ሊሚ ናት" አለ ሚስቱን። "ደም ይታያታል። የወር አበባዋ ከቆመ ስንት ዓመቱ ነው። ለኔ የነገረችኝ በቀደም ነው፣ እሱንም ፊቷን ሸፍና። ወዴት እንደምወስዳት አላውቅም፣ ቦንቱ።"

ገበያ ላይ ጉልበቱን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ አሁን ግን ዓይኑ እንባ አቀረረ። ቦንቱ እጇን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች፤ ከስንት ዓመት ፉክክር በኋላ የመጀመሪያዋ ነው።

"ወዴት እንደሚኬድ እኛ እናውቃለን" አለችው። "በዓሉ ይለፍና እኛ እንወስዳታለን። አንተ እሷን አታስፈራራብኝ ብቻ።"

በዓሉ እንዳለፈ ሦስቱ ሴቶች ሊሚን መሀላቸው አስገብተው ሆስፒታል ሄዱ። ሊሚ መጀመሪያ ቀን ፊቷን ሸፍና ተቀመጠች፤ በሁለተኛው ቀጠሮ ግን እማማ ወለተማርያም አናግረዋት አፏ ተፈታ። ውጤቱ ሲመጣ በሽታው ገና ከማሕፀኑ አልወጣም፤ ቀዶ ጥገናው ብቻ ሊበቃት ይችላል ተባለ።

የቀዶ ጥገናዋ ዕለት ሁሉም ኮሪደሩ ላይ ነበሩ። ሀሌሉያ ወደ ማስተማሯ ተመልሳ ስለነበር የመጣችው ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቃ ነው፤ ጣቶቿ ላይ የጠመኔ ዱቄት አለ። ጃለታ ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳል። ቀትር ሲሆን ሐኪሟ ወጣችና በደህና መጠናቀቁን ነገረቻቸው፤ ጃለታ ወንበሩ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና እንደ ልጅ አለቀሰ፤ ሀሌሉያ መሀረብ ሰጠችው።

ይህን ጊዜ የቦንቱ ስልክ ጠራ። ቶለሳ ነው፤ የሰላሌ በግ የጫነ መኪና ሱሉልታን አልፎ እየወረደ ነው፣ ዛሬ ካልተራገፈ ነገ ለገበያ አይደርስም።

"እኔ ልሂድ፣ በግ እየመጣልኝ ነው" አለች ነጠላዋን እየታጠቀች። ጃለታ ሊነሳ ሲል በእጇ መለሰችው። "አንተ እዚህ ሁን። ያንተንም እኔ አወርድልሃለሁ።"

እማማ ወለተማርያም ዘንቢላቸውን አንሥተው ተከተሏት። "እኔም እመጣለሁ" አሉ። "በግ ሲራገፍ አይቼ አላውቅም።"

ሁለቱ ሴቶች ተያይዘው ደረጃውን ወረዱ፤ ቦንቱ ከፊት፣ እየፈጠነች።