የግራው በር ገበር

ኮርቻ ሰፊው ሰዒድ በደብረ ታቦር ገበያ በሁለት ነገር ይታወቅ ነበር፤ በእጁና በምላሱ። እሱ የሰፋው ኮርቻ በቅሎዋ አርጅታ ብትሞትም አይላላም። ምላሱም እንደዚያው ነው፤ አንዴ ስም ካወጣልህ ከመቃብር በፊት አይለቅህም።

ጣሊያን ከተማውን በያዘ በሁለተኛው ዓመት ጎረቤቱ ካሳሁን የአንድ ጣሊያን ሹም ሾፌር ሆነ። መሪ ጨብጦ በገበያው ሲያልፍ ሰዒድ አየውና፣ «እዩት ይሄን ባንዳ! አባቱ በሬ ነድቶ አደረ፤ እሱ ጣሊያን አዝሎ ይዞራል!» አለ። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ ካሳሁንን በደህና የሚያነጋግረው ሰው ጠፋ። ሰዒድ ራሱ አጥር ለአጥር እየተዋሰኑ ሰላምታውን እንኳ አይመልስለትም ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጧት ያቺ መኪና ከሰዒድ ደጃፍ ቆመች። ከባሕር ማዶ ስትመጣም አሮጌ ነበረች። ቀለሟ ተልጧል፣ ወንበሯ ጎብጧል፣ የበሮቿ የውስጥ ገበር፣ ያ ቆዳ የለበሰ ሳንቃ፣ ተሰነጣጥቋል። ሹሙ የሚቀመጠው ከኋላ በስተግራ ነው፤ በዚያ በኩል ያለው በር መኪናዋ ስትሄድ ይንኳኳል ብሎ ተቆጥቶ፣ ገበሩ ወልቆ እንዲታደስ አዟል። ካሳሁንን ባለጠመንጃ አስካሪ፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደር፣ ተከትሎታል።

«ጋሼ ሰዒድ» አለ ካሳሁን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ገበሩን አያውልቁት። ከላይ ከላዩ ቢሰፉት ይበቃል።»

«ስፌት ያስተማርኸኝ አንተ ነህ? ዞር በልልኝ!»

ካሳሁን ዞር አለ። አስካሪው አጠገቡ ቆሞ ሌላ ምን ያድርግ።

ሰዒድ የመስታወቱን ማዞሪያና የበሩን እጀታ ፈታ፤ ከዚያ ሳንቃውን በቢላ ጫፍ ከዳር ከዳሩ እየፈለቀቀ አወለቀው። ሳንቃውን ከብረቱ ጋር የያዙት ትንንሽ የሽቦ መቆንጠጫዎች ላልተዋል። ብዙ ጊዜ የተከፈተ ነገር መሆኑን እጁ ነገረው። ከበሩ ሆድ ግርጌ እንደ መቀነት ቀጥኖ የተጠቀለለ ጨርቅ ተጋድሟል። ነካ አደረገው። ጥይት ነበር።

ክው ብሎ ቀረ። ባንዳ ያለው ሰው ለአርበኞች ጥይት የሚያመላልሰው በገዛ ሹሙ ክርን ሥር ነው! ያ ሁሉ ሳቅ በጆሮው ተመልሶ መጣ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ሰዒድ ያን ቀን ገባው። እግሩ ላይ ወድቆ ይቅር በለኝ ቢለው በወደደ፤ ግን አስካሪው አማርኛ ይሰማል።

አስካሪው እንዳያይ ጀርባውን ሰጥቶ፣ በምላሱ ያበላሸውን በእጁ ሊክስ ተነሳ። ጥቅሉ እንዳይንኳኳ ዙሪያውን በበግ ጠጉር ጠቀጠቀው፤ ሳንቃውን አዲስ ቆዳ አለበሰው። መቆንጠጫዎቹን ግን አላመናቸውም። ሹሙ ደገፍ ቢለው፣ ገበሩ ተላቅቆ ጉዱ ቢወጣስ? ስለዚህ የሳንቃውን ዳር በወስፌ እየበሳ፣ እንደ ኮርቻ ከበሩ ብረት ጋር በእርጥብ ጠፍር ጠፈረው። ጠፍር እርጥብ ሳለ ለእጅ ይታዘዛል፤ ሲደርቅ ተኮማትሮ እንደ ብረት ይጠነክራል። ቋጠሮውን በቆዳው እጥፋት ውስጥ ሸሸገው። በዕድሜው እንዲያ አጥብቆ የሰፋው ነገር አልነበረም።

ሲጨርስ የካሳሁንን እጅ ጨበጠ። «አይዞህ ወንድሜ፣ በጠፍር አስሬዋለሁ። ሰይጣንም ቢመጣ አይፈታው» አለው።

ካሳሁን በሩን ዳሰሰና ፊቱ አመድ መሰለ። ወዲያው ግን ሰዒድን አይቶ ፈገግ አለ። «እጅዎ ይባረክ፣ ጋሼ» ብሎ ሄደ። ሰዒድም ሸክም የወረደለት ያህል ቀልሎት ዋለ።

በሚቀጥለው ሳምንት መኪናዋን ሌላ ሾፌር ይዟት መጣ። የግራው በር ገበር ተዘልዝሏል። የሆነውን የነገረው ያው አስካሪ ነው። ሹሙ ገሳይ ከተማ ላይ ምሳ ሊበላ ሲገባ ካሳሁን ጥይቱን ለማውጣት ገበሩን ሊከፍት ሞከረ። የወትሮው የአፍታ ሥራ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ጠፍሩ እንቢ አለው። ቢላ አውጥቶ ሲገዘግዝ ሹሙ በልቶ ወጣና ከነቢላው ያዘው። ጥይቱም ተገኘ። «ኮርቻ ሰፊው የሚያውቀው የለም፤ ከተሰፋ በኋላ መስታወቱ በሚወርድበት ስንጥቅ ያስገባሁት እኔ ነኝ» ብሎ ካሳሁን ማለ። በማግስቱ እዚያው ገሳይ ሰቀሉት።

ሹሙ ከመኪናው ወርዶ ሰዒድን በሰው ፊት ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ብራቮ!» አለ። አስካሪውም፣ «ሌባውን ያስያዘው ያንተ ቋጠሮ ነው ይልሃል» ሲል ተረጎመ።

ሰዒድ ገበሩን እንደገና አወለቀ። ጠፍሩ በቢላ ተቦጫጭቋል፤ ቋጠሮው ግን እንዳለ ነበር። ያን ቋጠሮ ፈትቶ ለመጣል ግማሽ ቀን ፈጀበት። አዲሱን ገበር በላሉት ሽቦዎች ብቻ አያያዘው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ሲመሽ ወደ ካሳሁን ቤት ሄደ። ለቅሶው ድምፅ አልነበረውም፤ ለሽፍታ አይጮህም ተብሎ ተከልክሏል። የካሳሁን ሚስት ትርንጎ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች። ሰዒድ ከፊቷ በርከክ አለ።

«ትርንጎ፣ ያ ቋጠሮ የእኔ ነው። ባልሽን የገደልሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ» አለች። «ያን ቀን ገና እንደገባ ነግሮኛል። ‹በጠፍር ጠፍረውታል፤ ለእኔ ብለው ነው› አለኝ። ‹ታዲያ ተመለስና ጠፍሩን ያላሉልኝ በላቸው፤ ደጃፋቸው እዚህ አይደለም ወይ?› ብዬ ብለምነው እንቢ አለ።»

«ምነው? ምነው ሳይመጣ ቀረ?»

ትርንጎ የነጠላዋን ጫፍ ዓይኗ ላይ ያዝ አደረገች።

«‹ሰው በደህና ካነጋገረኝ ዓመት አለፈኝ› አለኝ። ‹ጋሼ ሰዒድ ዛሬ ወንድሜ ብለው እጄን ጨበጡኝ። ሥራዎ አልተመቸኝም ብዬ አላስቀይማቸውም። ቢላ ስጪኝ፣ እሱ ይበቃኛል› አለኝ። ቢላውን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

ሰዒድ የሚላትን ፈለገ። ገበያውን ሁሉ ያሳቀ ምላሱ አንድ ቃል አላገኘም።