የልብስ ሰፊዋ ገጽ

የእህቴ ባል ቀኝ እጄን መሳቢያው ውስጥ ከትቶ በጉልበቱ ዘጋው። ጣቶቼ ሲሰበሩ ሰማኋቸው።

«አማቼ፣ ገጹ የት ገባ?» አለኝ። «ትናንት ጓደኛዬ ስልክ ላይ ሚስቴን ባይኔ በብረቱ አይቻታለሁ፤ የሱቋን አድራሻ ግን አልያዝኩም። ዛሬ ስከፍተው የለም ይላል።»

«የገጹን አድራሻ ተሳስተህ ጽፈህ ይሆናላ» አልኩት። የባለሙያዎች ድረ ገጽ ጠባቂ ነኝ። አናጢውም፣ ቧንቧ ሠራተኛውም፣ ልብስ ሰፊዋም ፎቶና የሱቅ አድራሻ ያለበት የየራሳቸው ገጽ አላቸው፤ አንዱ ሲጠፋ የምመልሰው መልስ አፌ ላይ ነው። «ወይ ስሙ ተቀይሮ ይሆናል፣ ወይ መስመሩ ተበላሽቶ።»

መሳቢያውን ከፈተና ደግሞ ዘጋው።

ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይሄ ሰው አምና የእህቴን መንጋጋ ሰብሮ፣ ሆስፒታል ድረስ ተከትሏት «ከዚህ ስትወጪ እገድልሻለሁ» ብሏታል። ከከተማ ዳር ተደብቃ ልብስ መስፋት ጀመረች። ደንበኛ ሲጠፋባት ሳትነግረኝ ድረ ገጻችን ላይ ተመዘገበች፤ አለቃዬም እህቴ መሆኗን ሳያውቁ ሱቋ ሄደው ፎቶ አነሷት። ዛሬ ጠዋት ገጹን ሳይ ላጠፋው ነው ብዬ ደወልኩላትና አጠፋሁት።

ጩኸቴን ሰምተው አለቃዬ ከውስጥ ክፍል ብቅ አሉ። ደግ ሰው ናቸው፤ ጉድ ሊሠራን የነበረውም ይኸው ደግነታቸው ነው። ገጹ ጠፍቶበት የተናደደ ደንበኛ መሰላቸው።

«ኧረ ተው ወንድሜ፣ ለአንድ ገጽ ብለህ ልጁን ልትገድለው ነው? እኛ ዘንድ ጠፍቶ የሚቀር ነገር የለም፤ ሁሉንም ሃርድ ዲስክ ላይ እገለብጣለሁ። አሁኑኑ አወጣልሃለሁ።»

እንዳያወጡ ልነግራቸው አፌን ስከፍት ክርኑን አሳረፈብኝ። ሁለት ጥርሴን ከደም ጋር ዋጥኩ። ይህን ሲያዩ ይብስ ተጣድፈው ሃርድ ዲስኩን ኮምፒውተሬ ላይ ሰኩት፤ እኔን ማዳናቸው ነው።

ገጹ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ተከፈተ። መጀመሪያ የመጣው ፎቶዋ ነው፤ ከስፌት መኪናዋ ኋላ ቆማ ትስቃለች። ካገባች ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

አድራሻው ከፎቶው ሥር ነበር፤ ማውሱን ትንሽ ቢነካው ያገኘዋል። እሱ ግን እጄን ለቆ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ።

«ትስቃለች እንዴ?» አለ። «ከማን ጋር ሆና ነው የምትስቀው?»

በግራ እጄ የእሳት ማጥፊያውን ከግድግዳው ነቅዬ መንጋጋው ላይ አሳረፍኩት። ሲሰበር ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ሊነሳ ሲል ደገምኩት፤ ከዚያ ወዲያ ማቃሰት እንጂ መነሳት አልቻለም። ሃርድ ዲስኩን ነቅዬ መሬት ጣልኩና በዚያው ብረት እስኪደቅ ወቀጥኩት።

«አብደሃል እንዴ?» አሉ አለቃዬ ግድግዳው ላይ ተለጥፈው።

«እህቴ ናት። ሊገድላት ነው የሚፈልጋት።»

ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ምነው ብትነግረኝ ልጄ» አሉና ፖሊስ ጠሩ።

ፖሊስ ስንጠብቅ ስልኬ ጮኸ። አለቃዬ ከኪሴ አውጥተው ጆሮዬ ላይ ያዙልኝ። እህቴ ናት።

«ጋሼ፣ ገጹ ጠፋልኝ?»

«ጠፋ። ከእንግዲህ ማንም አያገኘውም።»

«ተመስገን።» ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። «ፎቶውን ግን ለራሴ አስቀርልኝ። ስስቅ ምን እንደምመስል ረስቼው ነበር።»

አለቃዬን አየኋቸው። ሌላ ቅጂ እንደሌለ ራሳቸውን ነቀነቁ። የሃርድ ዲስኩ ስብርባሪ ጫማዬ ሥር ይንኮሻኮሻል።

«እሺ እህቴ» አልኳት።