ምንይችል ያልተቀበላት ጽዋ

ባሌን ያሰከረው የቢራ ዋጋ ነው። ይህን ስናገር ሐይቅ ከተማ ውስጥ የማይስቅብኝ የለም፤ ምክንያቱም ምንይችል ቢራ የሚባል ነገር አፉ ገብቶ አያውቅም። ይሳቁ። እኔ ስህን የማውቀውን አውቃለሁ።

ምንይችል ዓሣ አስጋሪ ነው። ከሀሚዱ ጋር በአንድ ጀልባ ሐይቁ ላይ ያረጁ ናቸው፤ ሲነጋጋ መረብ ያነሳሉ፣ ረፋድ ላይ ዓሣቸውን ለነጋዴ ያስረክባሉ። ማታ ማታ ሀሚዱ ወደ መስጊድ ይሄዳል፣ የኔው ወደ አበልጃችን ወደ የሺሀረግ ጠላ ቤት። ልጇን ሰላማዊትን ክርስትና ያነሳት እሱ ነው። በሩ ሥር ባለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሁለት ጣሳ ይጠጣል፣ ከጫኝና አውራጆቹ ጋር ይቀላለዳል፣ ከዚያ አምባሰል እያንጎራጎረ ይመጣል። ድምፁ አያምርም። ቢሆንም ከሩቅ ስሰማው ደስ እያለኝ ወጡን አሞቅ ነበር።

ከዚያ ቢራ ተወደደ። አንዴ ተወደደ፣ ሰው አጉረመረመ። ደግሞ ሲወደድ ሆቴሉ በረንዳ ላይ የሚቀመጡት አስተማሪዎችና የቢሮ ሰዎች ቀስ በቀስ ጠፉ። ውስኪ የሚያስወርዱት ባለመኪኖች እዚያው ናቸው፤ ዋጋ ሲጨምር እነሱ ድምፃቸውን ነው የሚጨምሩት። የጠፉት የት ሄዱ ቢሉ፣ የሺሀረግ ቤት። መጀመሪያ ላይ ለቅሶ ሊደርስ እንደመጣ ሰው አንገታቸውን ደፍተው ነበር የሚገቡት። ወር ሳይሞላ አግዳሚዋ የነሱ ሆነች። ከነሱ አንዱ መምህር ምስጋናው ነው፤ ልጄን ሒሳብ የሚያስተምር ወጣት፣ ወንደላጤ። ልጠላው ሞክሬ ነበር፤ ትሑት ስለሆነ አልሆነልኝም።

የሺሀረግስ ምን ታድርግ። ገብሱም ጌሾውም ሰማይ ወጥቷል፣ አዲሶቹ ደንበኞች ደግሞ ዋጋ ሲነገራቸው ትንፍሽ አይሉም፤ ከቢራው አንፃር በነፃ የሚጠጡ ነው የሚመስላቸው። ጨመረች። ጫኝና አውራጆቹ ወደ ቅራሪ ወረዱ፤ ጠላው ከተቀዳ በኋላ አተላው ላይ ውሃ እየተጨመረ ወደሚወጣው ቀጭን መጠጥ። ባሌም ሞከረው። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፋ እንጂ ጉልበቱም አልሞቀው፣ ዘፈኑም አልመጣለት።

አበልጃችን ጓዳ ጠርታ ያለ ሳንቲም ጠጣ ብላው ነበር። አመስግኖ እምቢ አለ። ቤት መጥቶ ምክንያቱን ለኔ ነገረኝ።

«የክርስትና ልጄ ቤት በነፃ እየጠጣሁ በምን አፌ ልመርቃት?»

የክርስትና አባት ይሰጣል እንጂ አይቀበልም፤ እሱ በየዓመት በዓሉ ምርጥ ምርጡን ዓሣ ለይቶ ለሰላማዊት የሚወስድ ሰው ነው። ኩራቱ አናደደኝም፣ አኮራኝም።

እናም መናኸሪያው ጀርባ ካለው አረቄ ቤት ገባ። እዚያ አንዲት መለኪያ ከአንድ ጣሳ ጠላ ትረክሳለች፣ አናት ላይ ለመውጣትም ጊዜ አትፈጅም። አግዳሚ የለ፣ ጨዋታ የለ፤ ቆመው ገልብጠው ይወጣሉ። ምንይችል ሳያንጎራጉር ይመጣ ጀመር። እያደር አንዷ መለኪያ ብዙ ሆነች፤ የማታውም ወደ ማለዳ ተሻገረ።

አንድ ቀን ሀሚዱ ቤቴ መጣ። ሳይቀመጥ ስለ ጤናዬ ደጋግሞ ጠየቀኝ፤ ያኔ ነገር እንዳለ ገባኝ። የምንይችል እጅ መረብ መፍታት እንዳቃተው፣ ጀልባዋ መሃል አስቀምጦት ብቻውን እንደሚሠራ፣ ድርሻውን ግን እንደማይነካበት ነገረኝ።

«ወላሂ እታለም፣ ለገንዘቡ አይደለም» አለኝ። «ውሃው ላይ እጁን ሳየው ነው የምፈራው።»

እኔ ደግሞ የምፈራው ሌላ ነበር፤ የማርያም ጽዋ። ማኅበራችን በየወሩ በሃያ አንድ ይሰበሰባል። የደገሰው ሰው ጽዋዋን ለቀጣዩ ያስረክባል፤ ቀጣዩም በሁለት እጁ ተቀብሎ በዝማሬ ታጅቦ ቤቱ ይወስዳታል። የመስከረሟ፣ የግሸን ማርያም ዕለት፣ የኛ ተራ ናት። ምንይችል በማኅበሩ የተቀመጠው በአባቱ ቦታ ነው፤ ጽዋ የዘለለችው ሰው ደግሞ በኛ ዘመን አልታየም። ብቅሉን ገና ክረምቱ ሳይገባ አዘጋጅቼ ነበር።

ነሐሴ ላይ የምታስረክበን የሺሀረግ ነበረች። ቀኑ ሲቃረብ ምንይችል ራሱ ወሰነ፤ አረቄ ጠጥቶ ጽዋ አይነካም። እጄን አንጽቼ ነው የምቀበላት አለ፣ ተወውም። ደስ አለኝ። ጋቢውን አጠብኩለት። ግን ከተወው ወዲህ ላብ ያጠምቀው ጀመር፣ እንቅልፍ አጣ፣ የእጁም ነገር ከበፊቱ ባሰ። ውሃ ሲጠጣ ኩባያው ጥርሱ ላይ ይንኳኳል። ትንሽ ቅመስና ይብረድልህ ማለት ምላሴ ላይ መጣ። ለማርያም ብሎ የተወውን እንዴት ብዬ ልበለው። ዋጥኩት።

በዕለቱ የየሺሀረግ ቤት ሞላ። መምህር ምስጋናውም ነበር፤ ማኅበር የገባው ዘንድሮ ነው፣ ለጠላው ብሎ ነው እያልን አምተነዋል። ጠላው ጥሩ ነበር። ምንይችል ዋንጫውን በሁለት እጁ አጥብቆ ይዞ ጨለጠው፣ አስደገመ። ፊቱን አየሁት፤ ምንም የተለወጠ ነገር የለም።

ቄስ አስረስ ጸልየው ሲያበቁ ነጭ ጨርቅ የለበሰችውን ጽዋ አንስተው ስሙን ጠሩ። ተነሳ። እጁን ዘረጋ። ጽዋዋ ጠላ ሞልታለች፤ የሱ እጅ ደግሞ ዱቄት የሚነፋ ይመስላል። ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ሰላማዊት ብቻ የክርስትና አባቷን እጅ ታይ ነበር። ምንይችል እጁን ጋቢው ውስጥ መልሶ ከተተው።

«አባ፣ እደፋታለሁ» አለ።

ልቀበልለት ብዬ ብድግ አልኩ፤ በዓይኑ አስቀመጠኝ። ቄሱ ከአጠገቡ ወደተቀመጠው ዞሩ። መምህር ምስጋናው ተራዬ አይደለም አለ፣ የራሴ ቤትም ሚስትም የለኝም አለ። ጽዋ ያለ ተረካቢ አታድርም ተባለና ተቀበለ። አግዳሚዋም ሄደች፣ ጽዋዋም ሄደች። ማን አየኝ ሳልል አለቀስኩ።

ስንወጣ ዝማሬው ወደ መምህሩ ኪራይ ቤት አቀና። ምንይችል አጥሩ በር ላይ ጠበቀኝ።

«የአበልጄ ጠላ ውሃ ሆነብኝ፣ ስህንዬ» አለኝ።

ይህን ብሎ ወደ መናኸሪያው ታጠፈ።

በማግስቱ መምህሩ መጣ። ደጅ ቆሞ መሬቱን እያየ፣ እትዬ ስህን ብቅል እንዳለዎት ሰማሁ፣ ይሽጡልኝ አለ። ጠላ እንዴት እንደሚጠመቅ እንኳ አያውቅም። ልናገረው ያሰብኩትን ሁሉ ረሳሁት። ደመወዙ ሆቴሉ በረንዳ ላይ ቢያቆየው ኖሮ ይህ ልጅ እኔ ደጅ ምን ያመጣው ነበር።

«አልሸጥልህም» አልኩት። «እኔው እጠምቅልሃለሁ።»

አሁን ጋኑን በወይራ እያጠንኩ ነው። ጌሾውን አበዛለሁ፣ ውሃውን እቀንሳለሁ፣ ከየሺሀረግም ከማንም ጠላ የበረታ አደርገዋለሁ። ማኅበርተኛውን አሰከረች ቢሉኝም ግድ የለኝም። ምንይችል የግሸን ማርያም ዕለት ከመጣ፣ ምናልባት ጠላው ይሰማው ይሆናል።