ጮኾ የማያውቀው ደወል

እስቲ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ስለ ሁለት እኅትማማቾች ላጫውታችሁ።

ታላቂቱ ነርስ ናት፤ የምትሠራበት ክሊኒክ የክትባት ማቀዝቀዣ በእሷ እጅ ነው። ታናሺቱ የኮምፒውተር ኮድ ትጽፋለች፤ የዚያን ማቀዝቀዣ ደወል የሠራችው እሷ ናት። ሙቀቱ ከሁለት ዲግሪ ቢወርድ ወይም ከስምንት ቢያልፍ ክትባቱ ይበላሻል፤ ደወሉም ያኔ እንዲጮኽ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ግን ድምፁ ተሰምቶ አያውቅም። ታላቂቱም ጠዋትና ማታ ቴርሞሜትሩን እያየች በደብተሯ ትመዘግባለች።

«እትዬ፣ ዛሬም በእርሳስ? ደወሉ ለምን ተቀመጠ ታዲያ?»

«ድምፁን ሳልሰማ ምኑን ልመነው? አልተዋወቅንማ!»

አዲሱ የክሊኒኩ ኃላፊ ግን ደወል እያለ ደብተር ምን ያደርጋል ብሎ፣ ከሰኞ ጀምሮ ምዝገባው እንዲቀር አዘዘ።

ዓርብ ረፋድ ላይ ታናሺቱ የቆየ ሥራዋን አስፈተሸች። ፈታሹ ኮድ እያነበበ ስሕተት የሚጠቁም ፕሮግራም ነው። ንዝንዙ ስለሚበዛ ቢሮው ሁሉ «አማቲቱ» ይለዋል፤ የሰለቸው ሰው ዝም እንዲል ያዘዋል። ያን ቀን ዝም የተባለውን ሁሉ እንዲናገር ፈቀደችለት። አንዱ ማስጠንቀቂያ እንዲህ ይላል፦ «ይህ ሁኔታ መቼም እውነት ሊሆን አይችልም።»

የተጠቆመውን መስመር አየችው፤ የደወሉ ኮድ ነው። ሙቀቱ ከሁለት በታች ሲሆንና በዚያው ቅጽበት ከስምንት በላይ ሲሆን ጩኽ ይላል። ሁለቱ ባንድ ላይ! ደወሉ ለካ ማቀዝቀዣው ቢነድም ትንፍሽ አይልም ነበር። ፈታሹንም ደወሉን ስትሠራ ዝም ያሰኘችው ራሷ ናት።

ስሕተቱን አስተካክላ ዝም ብትል ማን ያውቅባታል? ግን እስከዛሬ የተሰጠው ክትባትስ? ኮዱን አስተካክላ እንዳበቃች እየሮጠች ክሊኒኩ ደረሰች።

«እትዬ፣ ጉድ ሆኛለሁ። ደወሌ ዲዳ ነው፤ ስስቅብሽ የኖርኩት በባዶ ነው።»

እኅቷ አልተቆጣችም። ደብተሩን ከመሳቢያ አወጣች፤ ጎን ለጎን ተቀምጠው ገጽ በገጽ አዩት። ሁለት ጊዜ ሙቀቱ ስምንትን አልፏል፤ ሁለቱንም ጊዜ «ክትባቱ ተወግዷል» ተብሎ በእርሳስ ተጽፏል።

«እፎይ!» አለች ታናሺቱ፤ እንባዋ መጣ።

«በይ አታልቅሺ፣ ሚጣዬ። ይልቅ ይሄን ጉደኛ አስጩኺልኝ።»

የደወሉን የሙቀት መለኪያ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነከሩት። ደወሉ አምባረቀ፤ ኃላፊው ከቢሮው እየሮጠ ወጣ።

«ገና ዛሬ ተዋወቅን!» አለች ነርሷ። ኃላፊው ነገሩን ሲሰማ ደብተሩ ይቀጥል አለ።

እናንተም፣ ልጆቼ፣ ዝም ያለ ደወል ስታዩ እነዚህን እኅትማማቾች አስታውሱልኝ፤ አንዳንዴም እስቲ አስጩኹት።