የፓምፑ ቆዳ

«ትተነፍሳለች» አለኝ ሙዓዝ፣ ቀና ሳይል።

«ተመስገን» አልኩ። «አየህ፣ አንተ ስትመጣ ተሻላቸው።»

«ምኑ ነው ተመስገን? ከታች በኩል እኮ ነው የምትተነፍሰው። ድምጿ እስከ በር ይሰማል።»

ነጠላዬን አፌ ላይ ጣል አደረግሁ። ሰው ስለ ወለደችው እናቱ እንዲህ ያወራል? «ዕድሜ ነው እንጂ ወደው መሰለህ?» ብዬ ልቆጣው ስል፣ ጭኑ መሐል የያዘውን አየሁ። የእናቱን የላምባ ምድጃ ነው ለካ። እናትዬው እትዬ ሳፊያ መስኮቱ ሥር አልጋቸው ላይ ሆነው ይስቃሉ።

«ስለኔ መስሏት ነው» አሉ። «ስለኔማ የጠየቀው የለም።»

እትዬ ሳፊያ በዚያች ባለ ሦስት እግር የነሐስ ምድጃ፣ ደሴ መናኸሪያ በር ላይ ሻይ እያፈሉ፣ ሳምቡሳ እየጠበሱ ነው ይህን ልጅ ያሳደጉት። እግራቸው ከከዳቸው ወዲህ ሁለቱም፣ እሳቸውም ምድጃዋም፣ ጥግ ይዘዋል። ልጁ ያለው ኮምቦልቻ ነው። ኮምቦልቻ ማለት እንግዲህ ሚኒባሱ ቶሎ ከሞላ፣ ከጎንህ ከተቀመጠው ሰው ጋር ወሬ ጀምረህ ሳትጨርስ ትደርሳለህ። እሱ ግን ብቅ ካለ ሁለት ዒድ አልፎታል። አሁንም ያመጣው አለቃው ነው። አለቃው ድንኳን ይዘው ተራራ ላይ የሚያድሩ እንግዶችን ያዞራል፤ እንግዶቹ የድሮ ምድጃ ሲነድ ማየት ይወዳሉ አሉ። ሙዓዝ ደግሞ ይህን አልደበቀም። ሊመጣ ሲል የጠየቃቸው «ያቺ ምድጃ አለች?» ብሎ ብቻ ነው።

ደውሎ ይህን የጠየቃቸው ዕለት፣ ገና ሳይመጣ፣ እትዬ ሳፊያ እኔን ጠሩኝ።

«ገበያነሽ፣ እስቲ ፓምፗን ፍቺልኝ።»

ፈታሁ። ዘንጉ ጫፍ ላይ ከሳንቲም የማትበልጥ ቆዳ አለች። አየሩን ወደ ታንከሩ የምትገፋው እሷ ናት፤ እሷ ከሌለች ፓምፑን ዓመት ቢገፉት እፍፍ ብቻ ነው። እትዬ ሳፊያ በጥፍራቸው አወጧትና በሻሻቸው ጫፍ ቋጠሯት። ፓምፑን መልሼ እንድገጥመው አዘዙኝ።

«ኧረ ኃጢአት ነው» አልኳቸው እየሳቅሁ።

«ሲጠግን ይቆያል» አሉ። «ሦስት ቀን ቢቆይ ምን ይጎድልበታል?»

ቆየ። በመጀመሪያው ቀን «ቀዳዳዋ ተደፍኖ ይሆናል» አሉት፤ በቀጭን ሽቦ ሲጎረጉር ዋለ። በሁለተኛው ቀን «የክዳኗ ጎሚኒ አርጅቷል» አሉት፤ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ቆርጦ አዲስ ሠራላት። እሱ አጎንብሶ ሲሠራ እሳቸው ማጅራቱን ያያሉ፣ እጁን ያያሉ። ምሳ ላደርስ ስገባ ፊታቸው ወዝ አውጥቶ አገኘሁት። «ወላሂ አምሮብዎታል» ልል ምንም አልቀረኝ፣ እኔ ክርስቲያኗ።

በሦስተኛው ቀን ታንከሩን በሙቅ ውሃ አጠበና ይድረቅ ብሎ ፀሐይ ላይ አወጣው።

«እኔንስ ፀሐይ ታወጣኛለህ?» አሉት።

«አንቺን መቼ አጠብኩሽ?» አለ።

እሳቸው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ምኑ እንዳሳቀኝ እንጃ።

ከሰዓት በኋላ የአለቃው መኪና መጣ። ሾፌሩ፣ ወንድምአገኘሁ የሚሉት ዝምተኛ ሰው፣ በሩ ላይ ቆመ። ሙዓዝ ምድጃዋን ገጣጠመና ባዶውን ፓምፕ ገፋ፣ ደግሞ ገፋ። እፍፍ።

«ሞታለች» አለ። «ቀጥቅጬ ለቁራሌው ነው የምሰጣት።» መዶሻ አነሳ።

«ነገ ሌላ ነገር እንሞክር፣ ሙዓዜ» አሉ እትዬ ሳፊያ።

«ነገ የሚባል የለም፣ እማ።»

መዶሻው ከፍ ሲል ምላሴ አመለጠኝ። «ተው ልጄ፣ ቆዳዋ እናትህ ሻሽ ውስጥ ናት» አልኩ። ስቆ ጉልበታቸውን የሚስም መስሎኝ ነበር። እንዲህ ነው የኔ ብልጠት።

መዶሻውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። ወደ አልጋው ሄደና ሻሹን ሳበው። እትዬ ሳፊያ በሁለት እጃቸው ያዙት። ጣታቸውን አንድ በአንድ አላቀቀው፣ ብሎን እንደሚፈታ ሰው፣ ሳይቸኩል። ሃያ ዓመት ጎረቤቴ ናቸው፤ ፀጉራቸውን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ሳስቷል፤ ሒናው የቀረው ጫፉ ላይ ብቻ ነው። ወንድምአገኘሁ ፊቱን ወደ ግቢው አዞረ።

«ሦስት ቀን» አለ ሙዓዝ፣ ቋጠሮውን በጥርሱ እየፈታ። «ሦስት ቀን ሙሉ ተጫወትሽብኝ።»

«አብረን ነበርን» አሉ።

«አንቺ ነበርሽ። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ።»

ሻሹን መሬት ላይ ጣለው። ቆዳዋን ዘይት ቀብቶ ገጠማት። አሁን ፓምፑ እጁን መልሶ ገፋው፤ እፍፍታውም ጠፋ። ሊለኩሳት ላምባ አልነበረም፤ የነበረችውን ትናንት ሲሞክር ጨርሷታል። ምድጃዋን በፎጣ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ያዛት።

ሻሹን አንስቼ አራግፌ ሰጠኋቸው። አልተቀበሉኝም። አንሶላውን ራሳቸው ላይ ሳቡ።

ሙዓዝ ደፉ ላይ ሲደርስ ቆመ። ፎጣውን ገለጥ አድርጎ ምድጃዋን አገላብጦ አያት፤ ወዘወዛትም።

«ሌላ ያወጣሽው ዕቃ አለ?»

እትዬ ሳፊያ አንሶላውን ከአፋቸው ላይ ትንሽ ዝቅ አደረጉ።

«ኮምቦልቻ ገብተህ ስትለኩሳት ታውቀዋለህ፤ ያኔ ትደውልልኛለህ» አሉት።