ከብሎኑ ሥር ያለ ቀለም

አግደው ፍሬን የያዘው አንዲት እናት የሕፃን ጋሪ እየገፋች መንገድ ስትገባ አይቶ ነው። ቦታው በእስራኤል የካርሜ ጋት ሰፈር መግቢያ፣ አዳዲሶቹ ፎቆች የሚጀምሩበት አደባባይ አጠገብ ነበር። አሮጌው የጭነት መኪናው ላይ አዲስ ቤት የሚገቡ የአንድ ወጣት ባልና ሚስት አልጋና ቁም ሣጥን ጭኗል። እናትየዋ ቀና ብላ እጇን አነሣችለትና ተሻገረች። ወዲያው ከኋላ አንድ ነገር ጓ ብሎ መኪናውን ነቀነቀው።

ወርዶ ሲሮጥ አንድ ሞተር ብስክሌት ከመኪናው ጅራት ሥር ተወሽቋል። ምግብ የሚያደርሰው ልጅ፣ ኋላ ስሙ ሃሬል መሆኑን የሰማው፣ አስፋልቱ ላይ ተጋድሞ ጭኑን ይዞ ይጮኻል።

«መብራት የለህም! መቆምህን በምን ልወቅ? መብራት የለህም!»

አምቡላንሱ ልጁን ይዞ ሄደ። ፖሊሱ አግደውን መኪናው ውስጥ አስገብቶ ፍሬን አስረገጠው። ከኋላ የግራው መብራት ድርግም ብሎ ቀረ። ፍሬቻ ሲያሳየው ደግሞ የፍሬኑም የፍሬቻውም መብራት አብረው፣ እንቅልፍ እንዳሸነፈው ዓይን፣ ገርበብ ገርበብ አሉ።

«በዚህ ቆርቆሮ ነው ሰው መሀል የምትነዳው?» አለ ፖሊሱ፣ የተሰበሰበው ሰው እስኪሰማ። «እዚህ እኮ አፍሪካ አይደለም!»

ዕብራይስጥ አንተና እርስዎ ብሎ አይለይም። አግደው በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ፣ ቤተ እስራኤልን ባመጣው አውሮፕላን ከአዲስ አበባ የመጣ ጊዜ ይህ በጣም ያስገርመው ነበር፤ አሁን ለምዶታል። ሰው ሲያቃልሉት ግን ቋንቋው ምንም ይሁን ምን ይታወቃል። ጠጉሩ የሸበተ፣ ልጅ አሳድጎ ለወግ ያበቃ ሰው ነው፤ በገዛ ሰፈሩ ሰዎች ፊት እንደ ጎረምሳ ተጮኸበት።

«ጋራዥ ወስጄዋለሁ» አለ። «አንዴም ሁለቴም መልሼ ወስጄዋለሁ። መካኒኩ ‹ሠርቼዋለሁ፣ ንዳው› ብሎ ነው የሰጠኝ። ዮጌቭን ጠይቀው፤ የኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ነው ያለው።»

ፖሊሱ እዚያው ደወለ። ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አድርጎ መኪናው አፍንጫ ላይ አስቀመጠው። የዮጌቭ ድምፅ ዘና ብሎ መጣ።

«አዎ፣ አውቀዋለሁ። እንዳትነዳው ብዬው ነበር። ልሥራልህ ስለው እምቢ ብሎኝ ሄደ። ምን ላድርገው? ሽማግሌ ነው፣ አይሰማም።»

«ይዋሻል!» አለ አግደው፤ ፖሊሱ አልሰማውም። አንድ ሰው እንዲህ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ሳይደነቃቀፍ፣ እንደ ሰላምታ አቅልሎ ሲዋሽ ሰምቶ አያውቅም። መንጃ ፈቃዱን ተቀማ። መኪናው ዳግመኛ መንገድ ላይ እንዳይወጣ ተብሎ በሌላ መኪና ተጎትቶ ከመኖሪያ ሕንፃቸው ጀርባ ቆመ።

እውነቱ እንዲህ ነበር። ክረምት ላይ የመኪናው የኋላ አግዳሚ ብረት ዝጎ ስለ ነበር ዮጌቭ ቆርጦ ጥሎ አዲስ በየደለት። ቀለምም ቀባው፤ ጥቁር አረንጓዴ። «ለጋራዡ በር ከቀባሁት የተረፈ ነው፤ ምርቃት ይሁንህ» ብሎት ነበር፣ እየሣቀ። ጥቂት ሰንብቶ ዝናብ ሲመታው መብራቱ መቆራረጥ ጀመረ። አግደው ሲወስደው ዮጌቭ አምፖል ቀየረ። ግቢው ውስጥ በራ፤ መንገድ ላይ ጠፋ። መልሶ ሲወስደው ፍሬቻውን ቀጭ ቀጭ የምታደርገዋን ዕቃ ቀየረ፣ ከፍሬኑ መርገጫ ሥር ያለውን ማብሪያም ቀየረ። አሁንም ግቢው ውስጥ በራ። በመጨረሻው ጊዜ አግደው «ሽቦውን እይልኝ እንጂ» ሲለው፣ ዮጌቭ ወደ ሌሎቹ ደንበኞች ዞሮ «መኪናውም አርጅቷል፣ ሾፌሩም አርጅቷል፤ የቱን ልቀይር?» ብሎ ሣቀ። እነሱም ሣቁ። አግደው ያን ቀን መኪናውን አስነሥቶ ወጣ።

በማግሥቱ ከባለቤቱ ከስመኝ ጋር ልጁን ሊጠይቁ ሆስፒታል ሄዱ። ጭኑ ተሰብሮ ብረት ገብቶለታል። እናቱ ሺሊ በሩ ላይ ቆማ አግደውን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ፖሊሱ ነግሮኛል። መኪናህን ልሥራልህ ሲሉህ እምቢ ያልከው አንተ ነህ?»

«ውሸት ነው። ልንገርሽ...»

«ልጄን ልትገድለው ነበር! ገዳይ! ውጣ!»

ነርሶቹ ዞረው አዩ። የያዙትን ፍራፍሬ ኮሪደሩ ላይ ካለ ወንበር ላይ አስቀምጠው ወጡ። አውቶቡስ ገቡ። ስመኝ ተንገበገበች።

«እናት ናት፣ እሷስ ይሁን፣ አልፈርድባትም። እሱ ግን! እሱ እንዴት አድርጎ ነው እንቅልፍ የሚወስደው?»

ልጃቸው ታሄል በወታደርነቷ የተሽከርካሪ ኤሌክትሪክ ሠርታለች፤ አሁን ሰሜን አገር አንድ ፋብሪካ ውስጥ ቴክኒሺያን ናት። አግደው የመብራቱን ነገር ነግሯት አያውቅም። ዕረፍቷን መኪና ሥር ተኝታ እንድታሳልፍ አልፈለገም። አሁን ግን እናቷ ደውላ ነገረቻት፤ በመጀመሪያው ባቡር መጣች።

መኪናውን ሳትነካ በፊት ሁሉንም ጠየቀችው። መቼ ይጠፋል? ሲዘንብ? ሲጫን? ከዚያ የመሞከሪያ መብራቷን ይዛ ከኋላ ተንበረከከች።

«አባ፣ ፍሬኑን ይርገጡልኝ።»

ረገጠ።

«ኤሌክትሪኩ እዚህ ድረስ በደንብ ደርሷል። አምፖሉም ጤነኛ ነው። አሁን ይልቀቁት። እሺ፣ አሁን የግራ ፍሬቻ ያብሩና እንደ ገና ይርገጡ።»

መብራቶቹ እንደ ልማዳቸው ገርበብ አሉ። ታሄል ከባትሪው አንድ ረጅም ሽቦ ስባ አምጥታ የመብራቱ ቤት ላይ አስነካችው። የግራው የፍሬን መብራት ቦግ ብሎ በራ፤ ፍሬቻውም ለብቻው ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ከግድግዳው ጥላ ላይ ቀዩና ብርቱካኑ ብርሃን ተለይቶ ታየ።

«አርካው ነው!» አለች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«መመለሻው፣ አባ። ኤሌክትሪክ ሄዶ አይቀርም፣ የሚመለስበት መንገድ ይፈልጋል። በዚህች ጥቁር ሽቦ አድርጎ፣ በመኪናው ብረት በኩል፣ ወደ ባትሪው ይመለሳል። ይህ ሲዘጋበት በጎረቤቱ አምፖል በኩል ሾልኮ ልመለስ ይላል። ፍሬን ሲረግጡ ፍሬቻው የሚደነባበረው ለዚህ ነው።»

ጥቁሯን ሽቦ በጣቷ እየተከተለች ሄደች። ሽቦዋ አዲሱ አግዳሚ ብረት ላይ በብሎን ታስራለች። ታሄል ብሎኑን ፈታችና ከሥሩ አየች። ከዚያ «ይምጡ፣ ይዩ» አለችው።

ከብሎኑ ሥር ብረት አይታይም። ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ ጥቁር አረንጓዴ ቀለም ነው ያለው። ቀለሙን ፍቆ፣ ብረት ለብረት አገናኝቶ ማሰር ሲገባው፣ ዮጌቭ ቀብቶ ሲያበቃ ሽቦውን ከላይ ጠፍሮበት ሄዷል። የብሎኑ ጥርስ ጥቂት ስለ ነካው መጀመሪያ ላይ ሠራ፤ እርጥበት ሲገባው ያችም ግንኙነት ተቋረጠች። እንግዲህ ያ ሁሉ አምፖልና ማብሪያ የተቀየረው በከንቱ ነበር። የልጁም ጭን የተሰበረው በዚህች ምክንያት ነው።

ታሄል ብሎኑን እንደ ነበረ መለሰችና ከቦርሳዋ የብርጭቆ ወረቀት አወጣች። «አምስት ደቂቃ ይበቃኛል። እፍቀዋለሁ፣ ያልቃል።»

አግደው እጇን ያዛት።

«አትንኪው።»

«አባ፣ ይስተካከላል እኮ!»

«እሱን ከጠረግሽው ውሸቱንም አብረሽ ትጠርጊለታለሽ። እንዲሁ ይቆይ። መጥተው ይዩት።»

ፖሊስ ጣቢያ ደወሉ። ታሄል ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ስትተላለፍ ቆይታ፣ በመጨረሻ የተሽከርካሪ መርማሪ እንደሚላክ ተነገራት፤ ግን ዛሬ አይደለም፣ ነገም አይደለም። አግደው መጠበቅ አልቻለም። ለማንም ሳይነግር በእግሩ ወደ ኢንዱስትሪ ቀጠናው ሄደና ዮጌቭን ደንበኞቹ መሀል አገኘው።

«ብሎኑን ከቀለም ላይ አስረህ ሰድደኸኝ ነው እኔን እምቢ አለኝ የምትል? በርህ ላይ ያለው ቀለም ነው፣ እዚያው ከሥሩ ተኝቷል! ልጁ ሆስፒታል ነው፣ ታውቃለህ?»

በዚህ ቀን ዮጌቭ አልሣቀም። «ሥራ ላይ ነኝ» ብሎ ፊቱን አዞረ።

ታሄል ስትሰማ ራሷን ያዘች። «ለምን ነገሩት፣ አባ! አሁን መጥቶ ይጠርገዋል!»

«ይህን ያህል አይደፍርም» አለ አግደው። ውሸታም ሰው እንኳ የሚያፍርበት ወሰን ያለው ይመስለው ነበር።

በማግሥቱ ስመኝ ከፋብሪካ የሌሊት ፈረቃዋን ጨርሳ ስትመለስ ፀሐይ ወጥታ ነበር። በሕንፃው ጀርባ ስታልፍ ከባሏ መኪና ሥር ሁለት እግሮች ወጥተው አየች። መጀመሪያ አግደው መሰላት። ጫማው ግን የእሱ አይደለም።

ሰተት ብላ ሄዳ ሁለቱንም ቁርጭምጭሚቶች ጨብጣ ጎተተች። ዮጌቭ በጀርባው እየተንሸራተተ ወጣ፤ በአንድ እጁ ቁልፍ፣ በሌላው የሽቦ ብሩሽ ይዟል።

«የሰው መኪና ሥር ምን ትሠራለህ?»

«ልረዳችሁ ነው! በነጻ ልሠራለት...»

«ስትጠራ አልመጣህ፣ ሳትጠራ መጣህ? ተነሥ! ኧረ ጎረቤት ውጡ! ኑ፣ ሌባ ተይዟል!»

የሰፈሩ ሰው ሁሉ ድምፅዋን ያውቀዋል፤ እንዲህ ስትጮኽ ግን ሰምቷት አያውቅም። መስኮቶች ተከፈቱ፤ አንዳንዶቹ በነጠላ ጫማ ወረዱ። ዮጌቭ ሊሄድ ሲል ስመኝ ብሩሹን ከእጁ ነጠቀችው። ታሄልም ደርሳ በስልኳ ቀረፀችው፦ ሰውየውን፣ ብሩሹን፣ ግማሽ ድረስ የላላውን ብሎን። ቀለሙን ለመንካት ገና አልደረሰም ነበር።

«ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል» አለችው ስመኝ፣ በአማርኛ። አልገባውም፤ እሷም አልተረጎመችለትም።

መርማሪዋ ስትመጣ አጠር ያለች፣ ብዙ የማትናገር ሴት ነበረች። መሬት ላይ ተኝታ ብሎኑን ፈታች፤ ፎቶ አነሣች፤ ከቀለሙ ትንሽ ፍቃ ወሰደች። የታሄልንም ቪዲዮ አየች። ስትነሣ አግደውን «ይህን ማየት የነበረባችሁ እናንተ አይደላችሁም፤ ማየት የነበረበት የሠራው ሰው ነው» አለችው። ከዚያ አልፋ ወደ ጋራዡ እንደምትሄድ ነገረችው።

ከሳምንታት በኋላ አግደው ጣቢያ ተጠራ። ጠረጴዛው ጀርባ ያ አደባባዩ ላይ የጮኸበት ፖሊስ ተቀምጧል። ቀና ብሎም ሳያየው መንጃ ፈቃዱን በጠረጴዛው ላይ ገፋለት።

«ጥፋቱ ያንተ አይደለም ተብሏል። በጋራዡ ላይ ክስ ይመሠረታል። ያንተ ጉዳይ ተዘግቷል።»

አግደው መንጃ ፈቃዱን አላነሣውም።

«ለእኔ አልተዘጋም» አለ። «ስትሰድበኝ በሰው ፊት ነበር። እኔ ስናገር አልሰማኸኝም፤ እሱን በስልክ፣ መልኩን እንኳ ሳታይ፣ አመንከው። ለምን? እሱን ንገረኝ።»

«አጎቴ፣ ውሰድና ሂድ። ሰው እየጠበቀ ነው።»

«አጎትህ አይደለሁም። ስሜ አግደው ነው። እፊትህ ተጽፎልሃል።»

ፖሊሱ ፊቱ ቀላ። ይቅርታ አልጠየቀም፤ ስሙንም አልጠራም። አግደው ቆሞ ጠበቀው። መልስ እንደማያገኝ ሲያውቅ ፈቃዱን አንሥቶ፣ ደኅና ዋል ሳይል፣ ወጣ።

ኮሪደሩ ላይ ሺሊ ቆማለች፤ የልጇን የምስክርነት ቃል ልታስመዘግብ መጥታለች። በሩ ክፍት ስለ ነበር ሁሉንም ሰምታለች። ሲያያት ሊያልፋት ፈለገ።

«አቶ አግደው» አለችው። ስሙን እንደ ምንም አጣምማ ነው የጠራችው፤ ቢሆንም ጠራችው። «ሆስፒታል ውስጥ ያልኩህን... እኔም ያለ ምንም ማስረጃ ነው ያመንኩት።»

አግደው ቆመ። ቁጣው ገና አልበረደም፤ የተወሰነው ለእሷም ይገባ ነበር።

«ልጁ እንዴት ነው?» አላት።

«በክራንች መሄድ ጀምሯል። ፍርድ ቤት ሲሆን ዮጌቭ ፊት ቆመህ ትመሰክርልናለህ?»

«ስትጠሪኝ እመጣለሁ» አለ። «አሁን ቁጣዬ እስኪበርድ ልቀመጥ።» ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጠ። ሺሊም ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ አጠገቡ ተቀመጠች፣ ተራዋ እስኪደርስ።