ንጉሡ ቼዝ ሲጫወት

አባቴ ዓይኑ በፋሻ ታስሮ ሶፋው ላይ በተቀመጠ በአራተኛው ቀን ግጥም አንብቢልኝ አለኝ። ግጥም! እኔ በንዴት ጥርሴን አፋጫለሁ፤ እሱ ግጥም አማረው።

ቅዳሜ አባቴ ከሚሠራበት ማተሚያ ቤት ሰው ወረቀት ይዞ እንደሚመጣ ሁለታችንም እናውቃለን። ምን እንደሚልም እናውቃለን፤ በስልክ አንብበውልናል። «ጉዳቱ የደረሰብኝ በራሴ የጥንቃቄ ጉድለት ነው» ይላል። ሠላሳ አንድ ዓመት ማሽን ላይ የቆመ ሰው ነው ይህን የሚፈርመው! የማተሚያ ሮለር ማጠቢያ ፈሳሽ ሁለቱም ዓይኖቹ ውስጥ ገባ። ሐኪሙ ስለ ግራው ተስፋ አለን ብሏል፤ ስለ ቀኙ ስጠይቀው ወደ መስኮቱ አየ። እንዴት ሆነ ስለው አባቴ «ፈሳሹ ፈነጠቀ፣ በቃ» ይለኛል። እንዴት ፈነጠቀ? «ፈነጠቀ አልኩሽ እኮ።» ከዚህ ሌላ ቃል አይወጣውም፤ እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ።

መጽሐፉን ያመጣው ከዓመታት በፊት ራሱ ነው። ማተሚያ ቤት የሚሠራ ሰው ቤት ያሉ መጻሕፍት ሁሉ በሽተኞች ናቸው፤ ሽፋናቸው ተገልብጦ የተለጠፈ፣ ቀለም የፈሰሰባቸው፣ አሥራ ስድስት ገጽ ሁለቴ ገብቶ ሌላ አሥራ ስድስት የጎደለባቸው። ለገበያ የማይሆነው ለኛ ይሆናል። ይሄኛው ከስምንት መቶ ዓመት በፊት ፈረንሳዮች በየአዳራሹ ያዜሙት የነበረ ረጅም የጦርነት ግጥም ትርጉም ነው።

«ሁለት ሺህ ቅጂ አትሜዋለሁ፤ አንድ ገጽ አላነበብኩትም» አለ አባቴ። «አሁን ጊዜ አለኝ።»

ጀመርኩለት። አንድ ሽማግሌ ባላባት በሃያ ሰው የወንዝ መሻገሪያ ይጠብቃል፤ ጠላት መቶ ሺህ ነው። መቶ ሺህ! ማን ቆጠረው? ሽማግሌው ሰይፉን ያነሣና አንዱን ፈረሰኛ ከራስ ቁሩ እስከ ኮርቻው ለሁለት ይሰነጥቀዋል፣ ፈረሱንም ጨምሮ። አንጀቱ የተዘረገፈ ሰው አሥራ አራት መስመር ንግግር አድርጎ ነው የሚሞተው። ጺማቸው ደረታቸው ላይ የደረሰ ወንዶች ተቃቅፈው ያለቅሳሉ፣ ራሳቸውን ስተው ይወድቃሉ፣ ተነሥተው ደግሞ ይዋጋሉ።

«ፈረሱ ምን በደለ?» አለ አባቴና ሳቀ። ከአደጋው ወዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር። እኔም ሳልወድ በግዴ ሳቅኩ። በማግስቱ ቁርስ ሳይነሣ «የት ላይ ነበርን?» ያልኩት እኔ ነኝ።

መሻገሪያው ላይ ሰው እያለቀ ሲሄድ ሽማግሌው ወንድሙን ወደ ንጉሡ ይልከዋል፣ ጦር ላክልን እንዲለው። ወንድምየው ደም በደም ሆኖ ንጉሡ ፊት ይንበረከካል። ንጉሡ ቼዝ እየተጫወተ ነው። «ይቺን ጨዋታ ልጨርስ» ይላል። ገጹን ስገልጥ ወንድምየው እንደገና ገባ፣ እንደገና ተንበረከከ፣ ንጉሡም እንደገና ቼዙ ላይ ነው። ይሄም በሽተኛ መጽሐፍ ነው ብዬ ዘልዬ ቀጠልኩ።

«ተመለሺ» አለ አባቴ።

«ወዴት?»

«ሁለት ወረቀት አብረሽ ገለጥሽ። ድምፁን ሰማሁት።»

«አባዬ፣ ሲጠረዝ የተደገመ ነው። ያው ነው።»

«በጥረዛ ሲደገም አሥራ ስድስት ገጽ ነው የሚደገመው፣ ቃል በቃል። አንቺ የዘለልሽው ሁለት ወረቀት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ምን ስሠራ የኖርኩ መስሎሻል? አንብቢ።»

አነበብኩ። ያው አልነበረም። በመጀመሪያው ንጉሡ «ልጨርስ» ብቻ ነበር ያለው። በሁለተኛው ቀና ብሎ የሰውየውን ቁስል ያያል፤ አይቶ ነው ወደ ጨዋታው የሚመለሰው። በሦስተኛው ደግሞ ከንጉሡ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚጫወተው ማን እንደሆነ ተነገረን፤ የጠላት መልእክተኛ ነው። ንጉሡ መሻገሪያውን ለጠላት ከሸጠ ሦስት ቀኑ ነው።

«አንተ የተረገምክ!» ብዬ መጽሐፉን በጥፊ መታሁት። ከስንት መቶ ዓመት በፊት በግጥም ውስጥ በተቀመጠ ንጉሥ ደሜ ፈላ። እንዲህ ጣፍጦኝ ተናድጄ አላውቅም። ወደ መቅድሙ ብመለስ አንዱ ምሁር «የዘመኑን አንባቢ ድግግሞሹ ሊያሰለቸው ይችላል» ብሎ ይቅርታ ጠይቆልኛል። ማን ጠይቅልኝ አለው!

«ገጣሚው አንዱን ነገር ሦስቴ ነገረን» አለ አባቴ።

«የድሮ ሰው ስለሆነ ነዋ። አድማጩ ይወጣል፣ ይገባል...»

«አይደለም። ተናዷል። የተናደደ ሰው አንዴ ተናግሮ አይወጣለትም። መጀመሪያ የሆነውን ይናገራል፤ ሲደግመው ነው ያየውን የሚናገረው።»

እኔ ግን ነገ ወረቀቱን ይፈርማል ብዬ እየተብሰለሰልኩ ዋልኩ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ወረቀቱን ይዞ ሰረዝ መጣ። ቅጽል ስሙን ያወጣለት ቅጥነቱ ነው። አባቴ ማሽን ላይ ሥራ ያስተማረው፣ ቤታችን ስንት ቀን በልቶ ያደረ ሰው ነው፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ ቢሮ ገብቶ ክራባት ማሰር ጀምሯል። ሌላ ሰው ቢልኩ ይሻለኝ ነበር። እሱን የላኩት አስበውበት ነው። እሱ ደግሞ እሺ ብሎ መጣ!

«እንኳን እግዜር አተረፈዎት ጋሼ» አለና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «ይቺን ብቻ ነው። እጅዎን ይዤ ቦታውን አሳይዎታለሁ።»

አባቴ እስክሪብቶውን ተቀበለ።

«መጀመሪያ የሆነውን ልንገርህ» አለው።

«አውቀዋለሁ እኮ ጋሼ።»

«ማሽኑን ሳጥብ ፈሳሹ ፈነጠቀ።»

«አዎ፣ ወረቀቱም የሚለው...»

«ማሽኑን ሳጥብ ፈሳሹ ፈነጠቀ። መነጽር አልነበረኝም። መከላከያ መነጽር ይገዛልን ብዬ አራት ጊዜ ጽፌያለሁ። ሥራ አስኪያጁ የሚቀጥለው ወር እያለ ዓመቱን ጨረሰው።»

ሰረዝ ክራባቱን ነካካ። አባቴን እንዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም፤ አንገቱ ላይ ያሉት ሥሮች ተገታትረዋል።

«ማሽኑን ሳጥብ ፈሳሹ ፈነጠቀ! ማሽኑ እየዞረ ነበር። ላቁመው ስል ሥራ አስኪያጁ ሥራው ይዘገይብናል፣ እየዞረ እጠበው አለኝ። በሩ ላይ ቆሞ ነው ያለኝ። ከጎኑ ሌላ ሰው ነበር።»

ሰረዝ ላቡን ጠረገ። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ምስክር ይፈልጋል። ምስክር አለዎት?»

«አንተ ነሃ።»

ሰረዝ ወረቀቱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። «ልጆች አሉኝ» አለ።

«እኔም አለችኝ» አለ አባቴ። እስክሪብቶውን በዳበሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ሰረዝ ወረቀቱን እንኳ ሳያነሣ ወጣ። ደረጃው ድረስ ተከትዬ አፌ ላይ የመጣልኝን ሁሉ አወረድኩበት፤ ፈሪ፣ ከሃዲ፣ ወጪት ሰባሪ። ጎረቤት በሩን ከፍቶ አየኝ። ይየኛ!

ስመለስ አባቴ «ጨረስሽ?» አለኝ።

«አልጨረስኩም!»

«እንግዲያው ወረቀት አምጪና ጻፊ። ለሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ የምናስገባው ነው።»

እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ፈሳሹን፣ መነጽሩን፣ የሚዞረውን ማሽን፣ በሩ ላይ የቆሙትን ሁለት ሰዎች። የሰረዝን እውነተኛ ስም ከነአባቱ ጻፍኩና ከሥሩ አሰመርኩበት።

«ቀጥዪ» አለ። «ከሁለቱ አንዱ ሮጠ። በባልዲ ውሃ አመጣ። ጭንቅላቴን ታቅፎ፣ እየጮኸ፣ መኪና እስኪመጣ ድረስ ዓይኔን አጠበኝ። ሐኪሙ ግራው ከተረፈ በዚያ ውሃ ነው ብሎኛል።»

እጄ ቆመ። «ማነው?» አልኩ፣ እያወቅኩት።

«ሰረዝ።»

«ለዚህ ነው ዝም ብለህ ልትፈርም የነበረው?»

ፋሻው ጠርዝ ላይ እርጥብ ነገር አየሁ፤ ከቁስሉ ይሁን ከሌላ አላውቅም።

«ይሄን አልጽፍም» አልኩ።

«ጻፊ።»

«አባዬ፣ አሁን እዚሁ ተቀምጦ ፈርም እያለህ...»

«በሩ ላይ መቆሙን ጽፈሽ የለም? ውሃ ማምጣቱንም ጻፊ።»

ጻፍኩ። እልህ ይዞኝ እስክሪብቶውን ስለተጫንኩት ወረቀቱ «ውሃ» የሚለው ቃል ላይ ተቀደደ። ተነሥቼ ሌላ ወረቀት አመጣሁና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።